ኬንልወርዝን በእኛ አቆጣጠር፦ ከሐምሌ ሎተስ እስከ መስከረም ቢጫ አበባ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች አበባ ለማየት የምንወጣው በአብዛኛው በዓመት አንዴ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ፣ ቼሪው ሲፈካ። ታይዳል ቤዝን ዳር እንጋፋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን በሥራና በአስቤዛ ያልቃል።

ዛሬ ስለ ሌላ ቦታ ልንገራችሁ። ኬንልወርዝ አኳቲክ ጋርደንስ ይባላል። ከከተማዋ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የውሃ አትክልት ቦታ ነው። 45 ያህል ኩሬዎች አሉት። ከኩሬዎቹ ወዲያ ረግረጉ ይዘረጋል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዲሲ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ያልረገጡት ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም ለረጅም ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

እዚህ ቦታ ቀጠሮ ካላወቁ ባዶ እጅ መመለስ አለ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጁላይ ውስጥ ነው፤ ወሩን አልሳትኩም። ግን የደረስኩት ከምሳ በኋላ ነበር። ሎተሱ ተከድኗል፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ። በሳምንቱ በጠዋት ስመለስ ሌላ ቦታ የመጣሁ መሰለኝ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እናንተ ያንን የመጀመሪያውን ቀን እንዳትደግሙት ነው።

ደስ የሚለው ነገር የዚህ ቦታ ወቅቶች ከእኛ የዘመን አቆጣጠር ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ በእኛው ወሮች ነው የማስረዳችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ ቦታው እንዴት እንደተጀመረ

ልጆቻችሁን መኪና ውስጥ እንድታወሯቸው ታሪኩን ባጭሩ ልስጣችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

የጀመረው ዋልተር ሾ የሚባል የሜን ግዛት ሰው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድ ክንዱን አጥቷል። ከጦርነቱ በኋላ ዋሽንግተን መጥቶ በገንዘብ ሚኒስቴር ጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1880ዎቹ አናኮስቲያ ዳር መሬት ያዘና ከትውልድ ሀገሩ ከሜን ያስመጣውን ዎተር ሊሊ ኩሬ ውስጥ ተከለ። ዎተር ሊሊ ማለት ቅጠሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የውሃ አበባ ነው፤ የጣና ልጆች ያውቁታል። ሰውየው የሀገሩን አበባ ነው ያመጣው። በረንዳችን ላይ ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳ የምንተክል ሰዎች ምን ብሎ እንደሆነ ለመገመት አንቸገርም።

አበባው እየበዛ ሲሄድ ንግድ ሆነ። ከሱ በኋላ ሴት ልጁ ሄለን ፋውለር ተረክባ አስፋፋችው፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ዝርያ አስመጣች። በ1920ዎቹ እሁድ እሁድ ሕዝብ ይጎርፍ ነበር። ፕሬዚዳንት ኩሊጅም መጥተው ጎብኝተዋል። በ1930ዎቹ ግን የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ወንዙን እየቆፈሩ ዳርቻውን መሙላት ጀመሩ፤ ኩሬዎቹም አደጋ ላይ ወደቁ። ሄለን ዝም አላለችም፤ ተሟገተች። በመጨረሻ መንግሥት በ1938 በ15,000 ዶላር ገዝቶ የሕዝብ አደረገው።

አንድ ነገር ደግሞ መዝለል አልችልም። ከአትክልቱ ጎን ያለው ሰፊ ሜዳ ለረጅም ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ በአደባባይ የሚቃጠልበት ቦታ ነበር። ጢሱ የሚሄደው በዙሪያው ወዳሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ነው። በ1968 አንድ የ7 ዓመት ልጅ እሳቱ ውስጥ ሞተ። ማቃጠሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ሰፈር ስትገቡ በእርጋታ ንዱ፤ ያገኛችሁትን ሰው ሰላም በሉ። ያንን ጢስ ችለው የኖሩት እነሱ ናቸው።

አደራረስ

በሜትሮ ከሆነ ብርቱካናማውን መስመር ወደ ኒው ካሮልተን ያዙና ዲንውድ ላይ ውረዱ። ከጣቢያው ወጥታችሁ በኬንልወርዝ አቨኑ ላይ የተሠራውን የእግረኛ ድልድይ ተሻገሩ። ከዚያ ዳግላስ ስትሪትን ይዛችሁ እስከ አናኮስቲያ አቨኑ ድረስ ሂዱ። በእግር ከ15 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ለድልድዩ ትንሽ ጊዜ ጨምሩ።

በመኪና ለሚመጣ ስልኩ ላይ የአትክልቱን ሙሉ ስም መጻፍ ይሻላል። "ኬንልወርዝ" ብቻ ካላችሁ ወደ ጎን ያለው የስፖርት ሜዳ ሊወስዳችሁ ይችላል። መኪና ማቆሚያው ነጻ ነው፤ ግን ትንሽ ነው።

በሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በአሜሪካው 8) ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይዘጋል። ሰዓቱ ሊቀየር ስለሚችል በዋዜማው የፓርኩን ገጽ እዩ። በታንክስጊቪንግ፣ በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው ዝግ ነው።

ሐምሌ፦ ሎተሱን በጠዋት

ሀገር ቤት ክረምቱ ጠንክሮ ሰው ጋቢ ሲደርብ፣ እዚህ ሎተሱ ይፈነዳል። ማበብ የሚጀምረው በሰኔ ማብቂያ ገደማ ነው። ጥሩው ጊዜ ግን ከሐምሌ መባቻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ነው፤ በፈረንጆቹ የጁላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጸደዩ ከቀዘቀዘ ጥቂት ቀን ይዘገያል።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። እሁድ ቅዳሴ አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ አበባውም እየተከደነ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በሩ ሲከፈት እዚያ ተገኙ። ከ2 እስከ 5 ሰዓት (ከ8 እስከ 11) ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ምክንያቱም በእነዚህ ሦስት ሰዓቶች ሁሉንም ታገኛላችሁ። ሎተሱ ገና ክፍት ነው። ሌሊት የሚያብቡት ዎተር ሊሊዎች ገና አልተከደኑም። ቀን የሚያብቡት ደግሞ አንድ በአንድ መከፈት ይጀምራሉ።

መጀመሪያ በቀጥታ ወደ ሎተሱ ኩሬ ሂዱ፤ ሌላው ይጠብቃችኋል። ሎተስን ከዎተር ሊሊ የምትለዩት በቅጠሉ ነው። የዎተር ሊሊ ቅጠል ውሃው ላይ ተኝቶ ይንሳፈፋል፤ አንድ ጎኑም ወደ መሃል የተሰነጠቀ ነው። የሎተስ ቅጠል ግን ክብ ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ በረጅም አገዳ ከውሃው በላይ ይቆማል። አንዳንዱ ከአዋቂ ሰው ደረት ይደርሳል። አበባው ሮዝ ነው፤ ሲከፈት ሁለት መዳፍ ገጥሞ የተዘረጋ ያህል ይሰፋል።

አሁን ቀስ በሉ። አንዱን አበባ መርጣችሁ ቅረቡት። ዕድሜውን ማንበብ ይቻላል። ግማሹን ብቻ ተከፍቶ እንደ ስኒ የቆመው የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውና ንቦች የሰፈሩበት ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቀለሙ ሳስቶ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ የሚረግፉት ሦስተኛና አራተኛ ቀኑ ላይ ነው። ከረገፈ በኋላ መሃሉ ላይ የሚቀረው ወንፊት የመሰለ ነገር ነው፤ በየቀዳዳው አንድ አንድ ፍሬ ይዟል። አንድ ኩሬ ዳር ቆማችሁ አራቱንም ዕድሜ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ሎተስ ሲያብብ ሙቀትም ያመነጫል። አየሩ ቢቀዘቅዝ እንኳ የአበባው ውስጥ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። ጢንዚዛዎች ሌሊቱን እዚያ የሚያድሩት ለዚህ ነው።

ለልጆች ደግሞ ይህን አሳዩ። መንገዱ ዳር ያለ የሎተስ ቅጠል ላይ ከመጠጥ ውሃችሁ ጠብታ አፍስሱ። ቅጠሉን አትሳቡት፣ በቆመበት። ጠብታው አይዘረጋም፣ ቅጠሉንም አያርሰውም። ክብ ሆኖ፣ እያበራ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንከባለለ መሃሉ ላይ ይሰበሰባል። ሌላ ጠብታ ስትጨምሩ ሁለቱ ይገናኙና አንድ ይሆናሉ። የእህቴ ልጅ ለሃያ ደቂቃ ከዚያ ቅጠል አልተነሳም። ስልክ ሳይሰጠው ሃያ ደቂቃ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የምትይዙት ውሃ፣ ኮፍያና የትንኝ መከላከያ ነው። ሙሉ ሱሪ ልበሱ፤ ሳሩ ውስጥ መዥገር አለ፣ ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን እግርና አንገት እዩ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ሐረግ እንዳይነኩ አስተምሯቸው፤ ቆዳ ይቆጣል። በኩሬዎቹ መሃል ያለው መንገድ አፈር ነው፤ ዳሩም አጥር የለውም። ትንንሾቹን እጃቸውን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ፎቶ ለመነሳት ካሰባችሁ በጣም ያምራል፤ ነጩ ከሮዙ ጋር ይሄዳል። ግን ዝናብ በዘነበ ማግስት አትሞክሩት። ጥለቱ ጭቃ ይነክራል።

ፌስቲቫሉ ወይስ ባዶው ጠዋት?

በጁላይ የሎተስና የዎተር ሊሊ ፌስቲቫል ይዘጋጃል። ሙዚቃና ውዝዋዜ አለ፣ ለልጆች የእጅ ሥራ አለ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች እየዞሩ ያስረዳሉ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ሰኔ ውስጥ ጀምራችሁ ተከታተሉ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ልጆች ያሏችሁ ፌስቲቫሉን ምረጡ። አዛውንት ይዛችሁ የምትመጡ ግን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ባለው ቅዳሜ ኑ። በፌስቲቫሉ ቀን መኪና ማቆሚያው በጠዋት ይሞላል፤ ሩቅ አቁሞ በፀሐይ መሄድ ለእናቶቻችን ከባድ ነው። በፌስቲቫሉ ቀን የምትሄዱ ወጣቶች ሜትሮ ያዙ፤ ወይም በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር በሚሄደው የብስክሌት መንገድ ኑ።

ልጆች እንደገቡ የጎብኚዎች ማዕከሉ ላይ "ጁኒየር ሬንጀር" የሚለውን መጽሔት ጠይቁላቸው። ዞረው ጥያቄዎቹን ሞልተው ሲመልሱ ቃል ያስገቧቸውና ባጅ ይሰጧቸዋል። ነጻ ነው። ጥያቄዎቹን ለአያት ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ልጁ ይሁን፤ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ለማኅበር፣ ለእድር ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ስታስቡ

ቤተሰብና ጥቂት ጓደኞች ከሆናችሁ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ከሆናችሁ፣ ድንኳን ወይም ድምፅ ማጉያ ካሰባችሁ፣ ወይም የሠርግ ፎቶ በባለሙያ ለማስነሳት ከፈለጋችሁ ግን ፈቃድ ጠይቁ። ቦታውን የሚያስተዳድረው በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ያለው ናሽናል ካፒታል ፓርክስ ኢስት ነው። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጻፉላቸው። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ በግልጽ አስቀምጡ። ሰው ቀንሶ መጻፍ አይጠቅምም። የቪዲዮ ባለሙያችሁም ድሮን እንዳያመጣ ንገሩት፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማብረር ክልክል ነው።

ቀኑን ስትቆርጡ የጾሙን ነገር አትርሱ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። ከሐምሌ 5 በኋላ ያለው ቅዳሜ ጾሙም የተፈታበት፣ ሎተሱም ያልረገፈበት ነው። ዶሮ ወጥ የምትወዱ ይህን ቀን ያዙ። ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ ሽሮ ፍርፍርና ጥቅልል እንጀራ በሳህን ሳይሆን በፎይል ጠቅልላችሁ አምጡ፤ ለመብላትም ለማጽዳትም ይቀላል።

ቡናው ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ከሰልና እሳት ይዛችሁ አትምጡ። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙት። ስኒውን፣ ረከቦቱን፣ ፈንዲሻውን ማምጣት ትችላላችሁ፤ ወጉ ያው ወግ ነው። ግን ፈንዲሻው መሬት አይበተን። ኤሊዎቹና ወፎቹ ይመጣሉ፤ እንስሳቱን መመገብ ደግሞ ክልክል ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን አደራ እላለሁ። ኩሬው ዳር ቄጠማ የሚመስል ለምለም ሳር ታያላችሁ። ፊላውም እዚያው ነው። ጉዝጓዝ እናድርገው ብላችሁ አንድ እፍኝ እንኳ አትቁረጡ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተክል መቁረጥ፣ አበባ መቅጠፍ፣ ፍሬ መልቀም ሁሉ ሕግ መተላለፍ ነው። ደግሞም ያ ሣር የወፎች ጎጆ ነው። ጉዝጓዝ የግድ ካላችሁ ከቤት ይዛችሁ መጥታችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።

ለአዛውንቶች ተጣጣፊ ወንበር ያዙ። መጸዳጃ ቤቱ ያለው የጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ነው፤ ወደ ረግረጉ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ደርሶ ይምጣ።

ነሐሴ፦ ሰፌድ የሚያህለው ቅጠል

ነሐሴ ላይ ሎተሱ ወደ ፍሬ ይሄዳል። ዎተር ሊሊው ግን ገና ነው፤ በተለይ የሞቃት ሀገር ዝርያዎቹ፣ ሰማያዊውና ወይን ጠጁ፣ አሁን ነው የሚደምቁት። ቪክቶሪያ የምትባለውን ፈልጓት። ቅጠሏ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ልክ ውሃ ላይ የተቀመጠ ሰፌድ። ጥሩ ካደገች ወርዷ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሥሯ እሾህ ነው። አበባዋ በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ናት፤ በሁለተኛው ሮዝ ትሆናለች። በሩ ሲከፈት ከደረሳችሁ ሳትከደን ትደርሱባታላችሁ።

ክረምትና ጸደይ ባጭሩ

ከኅዳር እስከ የካቲት አበባ የለም። ወፍ ለሚወድ ግን ጥሩ ነው፤ ዛፉ ስለሚራቆት ሁሉም ይታያል። ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ በእንጨቱ መንገድ ወደ ረግረጉ ውጡ። ቢቨር የሚባለው እንስሳ በጥርሱ የቆረጠው ግንድ አይጠፋም፤ ጫፉ በእርሳስ መቅረጫ የተቀረጸ ይመስላል።

በፋሲካ ሰሞን እንቁራሪቶቹ ይጀምራሉ። ኤሊዎቹ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግንቦት ላይ አይሪስ ያብባል፤ ቀዝቃዛ የሚችሉት ዎተር ሊሊዎችም ይከተላሉ። ጋሪ የምትገፉ ወላጆች የእንጨቱ መንገድ ይመቻችኋል።

የምትረዱበት መንገድ፣ በተለይ ልጅ ሃይስኩል ላላችሁ

እነዚህ ኩሬዎች እንዲሁ አይኖሩም። ዎተር ሊሊ ካልተቀነሰ ኩሬውን ይሞላዋል። መጤ አረም አለ። ከወንዙ የሚመጣ ፕላስቲክ አለ። ሥራው ብዙ ነው፤ ብዙውን የሚያግዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአትክልቱ ወዳጆች ማኅበርም አለው።

በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ለመመረቅ በመደበኛው 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልገዋል። በዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 100 ሰዓት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ሩጫ ነው። ልጃችሁ 9ኛ ክፍል ሳለ ጀምሩ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ቅጽ ይስጠው። ቀጥሎ ፓርኩን ጠይቁ፦ ሰዓቱን ማን ይፈርማል፣ ዕድሜው ስንት መሆን አለበት። ይህን ሳታረጋግጡ አትላኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን መሄድ ለሚፈልግ ኤፕሪል ላይ በምድር ቀን የሚደረገው የአናኮስቲያ ጽዳት ቀላል መግቢያ ነው።

ኩሬ ውስጥ የሚገባ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ልብስ ይሰጠዋል። ሥሩ ቅያሪ ልብስ ይልበስ። ጫማና ካልሲ መኪናው ውስጥ ይቆየው። ጭቃው ይስባል፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ከመጎተት ተረከዝን አስቀድሞ ማንሳት ነው።

ቤት ውስጥ ሎተስ ማብቀል

በ1951 እዚሁ ኬንልወርዝ፣ ከማንቹሪያ የጥንት የደረቀ ሐይቅ ውስጥ የተገኙ የሎተስ ፍሬዎች በቅለዋል። ስንት ትውልድ አፈር ውስጥ ተኝተው የቆዩ ፍሬዎች ናቸው። ያን ያህል የሚቆዩት ቅርፊታቸው ውሃ ስለማያስገባ ነው። ታዲያ እናንተም ቤት ውስጥ ለማብቀል ማድረግ ያለባችሁ ያንን ቅርፊት መክፈት ነው። ሚያዝያ ላይ ጀምሩ።

1. ለዘር የሚሸጥ የሎተስ ፍሬ ግዙ። ጥቁር፣ ጠንካራና ቅርፊቱ ያለ መሆን አለበት። በእስያ ግሮሰሪ ለምግብ የሚሸጠው የተላጠው ነጩ አይበቅልም። ከፓርኩም አትልቀሙ።

2. አንድ ጎኑን በሞረድ ሞርዱ። ጠንካራ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ከጥቁሩ ሥር ክሬም የመሰለ ቀለም ብቅ ሲል ወዲያው አቁሙ። ከዚያ ከዘለቃችሁ ቡቃያውን ትጎዱታላችሁ።

3. ለብ ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጡ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ይህን የምትረሱ ከሆነ ውሃው ይሸታል፣ ፍሬውም ይበሰብሳል። በማግሥቱ እንደ ባቄላ ያብጣል። በሳምንት ውስጥ ተሰንጥቆ አረንጓዴ ቆልማማ ነገር ይወጣዋል።

4. ሁለት ሦስት ቅጠልና ነጭ ሥር ሲያወጣ ቀዳዳ ወደሌለው ባልዲ አዛውሩት። ከሥር ከባድ የጓሮ አፈር፣ ከላይ ውሃ። በከረጢት የሚሸጠው የአበባ አፈር አይሆንም፤ ይንሳፈፋል። በረንዳው በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ማግኘት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ይንሳፈፋሉ። በኋላ የሚመጡት ይቆማሉ። በመጀመሪያው ዓመት አበባ አትጠብቁ። ሲበዛባችሁ ደግሞ ወስዳችሁ ሰፈራችሁ ያለ ኩሬ ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፤ የሌላውን ተክል ቦታ ይነጥቃል።

መስከረም፦ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል

ብዙ ጎብኚ ሎተሱ ካለፈ በኋላ አይመጣም። እኔ ግን ከዓመቱ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል መስከረምን ነው የምመርጠው።

ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ረግረጉ ውስጥ ቢጫ አበባ ይወጣል። ስለ ኩሬዎቹ አይደለም የምነግራችሁ፤ ከነሱ ወዲያ፣ የወንዙ ውሃ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ የሚልበት ቦታ ነው። ሳይንሱ ቢደንስ ይለዋል። የእኛ አደይ አበባም ቢደንስ ነው። አንድ ዝርያ አይደሉም፤ ግን የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፣ ዘመዳሞች።

እናቴን ባለፈው ወስጃት ነበር። ስለ አበባው ምንም አልነገርኳትም። የእንጨቱን መንገድ ይዘን ቀስ እያልን ሄድን፤ ጉልበቷን ያማታል። ረግረጉ ሲከፈት ቆመች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

"አንተ፣ ይሄ አደይ አይደለም እንዴ?"

"ዘመዱ ነው እማዬ።"

"ታዲያ ዘመዱ ከሆነ ያው ነው" አለችኝ።

ለመሄድ የመስከረም 1ን ሳምንት ወይም የመስቀልን ሰሞን ያዙ፤ መስቀል በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል። በመስቀል አካባቢ ይበልጥ ይደምቃል። እዚህ እንደ ሎተሱ በጠዋት መሮጥ የለም። ከሰዓት በፊት እስከሆነ ድረስ ይበቃል። ከበሩ ገብታችሁ ኩሬዎቹን እለፉና ወደ እንጨቱ መንገድ ታጠፉ፤ እስከ መጨረሻው ሂዱ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ አንዳንዱ አበባ ከመንገዱ ራቅ ይላል። ለእንቁጣጣሽ የሚዘምሩ ሴት ልጆች ካሏችሁ ነጭ አልብሷቸውና እዚያ ጫፍ ላይ ያቀንቅኑ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። የሚይዙትን አበባና ሣር ግን ከሱቅ ገዝታችሁ አምጡ። ያኛው ባለበት ይቆይ።

ጥቅምት ላይ ከሄዳችሁ አበባው ወደ ፍሬ ተለውጧል። ፍሬው ሀገር ቤት ሳለን ሱሪያችን ላይ እንደሚጣበቀው ጨጎጊት ነው፤ ጫፉ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት እዚያው ቁሙና ልብሳችሁን እዩ። በተለይ የነጠላውን ዘርፍ። አንድ በአንድ ንቀሉና እዚያው ሣሩ ላይ ጣሉት።